ምናሴ፦ ይቅር የተባለ ንጉሥ፣ ያልዳነች ከተማ

ስለ ንስሐ ሲነሳ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው ዳዊትን ነው። አይፈረድብንም። «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን መዝሙር በቃሉ የማይወጣ ምእመን ጥቂት ነው። ዳዊት በደለ፣ ናታን መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፣ ዳዊትም ወዲያው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ብሎ ወደቀ። ሲነገረው የሚሰማ ልብ ነበረው።

ግን ሲነገረው የማይሰማስ? አንድ ቀን ተሳስቶ ሳይሆን ለዓመታት አቅዶ የበደለ፣ ሌሎችን አስከትሎ ያጠፋ፣ በእጁ የንጹሐን ደም ያለበት ሰውስ? «እኔማ አልቆልኛል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የዳዊት ታሪክ ብዙ ጊዜ አያጽናናውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የይሁዳው ንጉሥ የምናሴ ጉዳይ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይሻላል ስል ይቀልላል ማለቴ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ይቅርታ ከተጻፉት ታሪኮች እንደዚህ የሚከብደኝ የለም። ሰውዬው ይቅር ተብሏል። ያበላሸው ግን አልተስተካከለም። ሁለቱም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ልጁ ከየት መጣ

የምናሴ አባት ሕዝቅያስ ነው። በይሁዳ ነገሥታት መካከል ከሚመሰገኑት አንዱ። የኮረብታ መስገጃዎችን አፈረሰ፣ ሐውልቶችን ሰበረ፣ ቤተ መቅደሱን ከፍቶ አጸዳ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። ሰናክሬም ራሱ ባስጻፈው ዜና መዋዕል 46 የተመሸጉ ከተሞች እንደያዘ፣ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም እንደ ወፍ በጎጆ እንደዘጋበት ይፎክራል። ከተማዪቱን ያዝኩ ግን አይልም።

ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ አለቀሰ፣ ጸለየ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ምናሴ ሲነግሥ ዕድሜው 12 ነበር። እንግዲህ አስሉት። ይህ ልጅ የተወለደው በተጨመሩት ዓመታት ውስጥ ነው። አባቱ በእንባ ያገኘው ዕድሜ ፍሬ ነው። እናቱ ሐፍሴባ ትባላለች። የኛ ሰው «እሳት አመድ ይወልዳል» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከበሽታው ከዳነ በኋላ የባቢሎን መልእክተኞች መጡና ሕዝቅያስ ግምጃ ቤቱን ሁሉ አሳያቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ ይህን ሲሰማ ሀብቱም ከአንተ የሚወጡት ልጆችም ወደ ባቢሎን ይጋዛሉ አለው። ሕዝቅያስ የመለሰው መልስ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በእኔ ዘመን ሰላም ከሆነ መልካም ነው የሚል ነው። ከልጆቹ መካከል በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን እንደሄደ በስሙ የተጻፈልን የመጀመሪያው ሰው ምናሴ ነው።

የተደረገው

ምናሴ 55 ዓመት ነገሠ። ከይሁዳ ነገሥታት ማንም ይህን ያህል አልገዛም። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 እና ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 33 ሥራውን ይዘረዝራሉ። አባቱ ያፈረሳቸውን መስገጃዎች መልሶ ሠራ። ለበኣል መሠዊያ አቆመ። ለሰማይ ሠራዊት፣ ማለትም ለከዋክብት፣ ሰገደ። መናፍስት ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሌሎችም ነገሥታት ጣዖት አምልከዋል፣ ብዙዎቹ በየኮረብታው። ምናሴ ግን ወደ ውስጥ አስገባው። መሠዊያዎቹን በእግዚአብሔር ቤት በሁለቱ አደባባዮች ሠራ። የተቀረጸውን ምስል «ስሜን በዚህ አኖራለሁ» በተባለበት ቤት አቆመ። አንድ የይሁዳ ገበሬ የፋሲካ በጉን ይዞ ከሩቅ መንደር ሲመጣ፣ በበሩ አልፎ አደባባዩ ላይ ሲደርስ የሚያየው የማንን መሠዊያ ነው? ከዚያ ወዴት ይሂድ? መጽሐፉም ምናሴ ሕዝቡን አሳተ የሚለው ለዚህ ነው።

ልጆቹንም በሄኖም ልጅ ሸለቆ በእሳት አሳለፈ። ይህ ሸለቆ ሩቅ በረሃ አይደለም። ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ወርዶ የሚታይ፣ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ቦታ ነው። ጭሱ ከከተማው ቅጥር ላይ ለቆመ ሰው የሚታይ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጹሕ ደም እጅግ አፈሰሰ፤ ኢየሩሳሌምን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላት ድረስ ይላል መጽሐፉ። ስማቸው አልተጻፈም።

አንድ ስም ግን በትውፊት ይነገራል። ኢሳይያስ። ምናሴ ነቢዩን በመጋዝ አሰንጥቆ እንዳስገደለው የአይሁድም የክርስቲያኖችም ጥንታዊ ትውፊት ይመሰክራል። ታሪኩን በዝርዝር የሚተርከው ዕርገተ ኢሳይያስ የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች የተረፈው ቁርጥራጭና ከፊል ነው። የኛ ስንክሳርም የነቢዩን ዕረፍት መስከረም 6 ቀን ያስባል። ወደ ዕብራውያን ምዕራፍ 11 ላይ በመጋዝ ስለተሰነጠቁት ሲናገር ብዙዎች የሚያስቡት እሱን ነው። እንግዲህ አባቱን ከሞት አልጋ ላይ ያጽናናውን ሰው ልጁ ገደለው ማለት ነው።

አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ለምናሴ ሰበብ ይፈልጉለታል። ሀገሩ በሰናክሬም ጦር ደቅቃ ነበር፣ ከአሦር ጋር ተስማምቶ መኖር ግዴታው ነበር ይላሉ። ለአሦር ግብር መክፈሉ እውነት ነው። የአሦሩ ንጉሥ አስራዶን በነነዌ ቤተ መንግሥት ሲያሠራ እንጨትና ድንጋይ ካስጎተታቸው 22 ነገሥታት መካከል «የይሁዳ ንጉሥ ምናሴ» በስሙ ተጽፎ ይገኛል። የአስራዶን ልጅ አሹርባኒፓል ወደ ግብፅ ሲዘምትም ግብር ካመጡለት ነገሥታት መካከል ቆጥሮታል። ይህ ግን ግብሩን እንጂ ሸለቆውን አያስረዳም። ልጅህን አቃጥል ብላ አሦር እንዳዘዘችው መጽሐፉ አይናገርም። ያን ያደረገው ራሱ ነው።

ዝም ብሎም አልተተወም። እግዚአብሔር በነቢያቱ አፍ ተናገረ። ሰው ወጭቱን ወልውሎ እንደሚገለብጠው ኢየሩሳሌምን እወለውላታለሁ፣ እገለብጣታለሁም አለ። ምናሴና ሕዝቡ ግን አልሰሙም። ዜና መዋዕል ይህን በአንዲት አጭር ቁጥር ጨርሶ ያልፋል። ያች አንዲት ቁጥር ስንት ዓመት እንደያዘች ማሰብ ነው።

ሰንሰለቱ

ከዚያ የአሦር የጦር አለቆች መጡ። ምናሴን በመንጠቆ ያዙት፣ በናስ ሰንሰለት አሰሩት፣ ወደ ባቢሎን ወሰዱት።

መንጠቆው የአነጋገር ማጋነን የሚመስለው ካለ በርሊን የሚገኘውን የአስራዶን የድንጋይ ሐውልት ይመልከት። በዛሬዋ ቱርክ ዚንጂርሊ በምትባል ቦታ የተገኘ ነው። የቆመውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ671 በግብፅ ላይ ከተገኘው ድል በኋላ ነው። ንጉሡ ግዙፍ ሆኖ ተቀርጿል። ከፊቱ ሁለት ትንንሽ ምርኮኞች አሉ፤ ከከንፈራቸው የተያያዘውን ገመድ ንጉሡ በእጁ ይዞታል። ሐውልቱ የሚፎክርበት ድል በቲርሐቅ ላይ የተገኘ ነው። በሕዝቅያስ ዘመን ሰናክሬምን ሊወጋ ወጣ ተብሎ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» እሱ ነው። የምናሴ ዘመን ሰዎች አሦር ሰውን እንዴት እንደምታዋርድ በደንብ ያውቁ ነበር።

ለምን ነነዌ ሳይሆን ባቢሎን? ብዙ ተጠይቋል። ሰናክሬም በ689 ያፈረሳትን ባቢሎን አስራዶን መልሶ ሠርቷታል፤ በዚያን ጊዜ በአሦር እጅ ነበረች። ሌሎች ደግሞ ጉዳዩን ከ652 እስከ 648 ከነበረው ዓመፅ ጋር ያገናኙታል። የባቢሎን ገዢ የነበረው የአሹርባኒፓል ወንድም ሲያምፅ ብዙ ሀገሮች ተጠርጥረው ነበርና ምናሴም በዚያው ተይዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ተይዞ ወደ ዙፋን የተመለሰ ሌላ ሰውም ነበር። አሹርባኒፓል የግብፁን ገዢ ኒካዑን አስሮ ካስወሰደው በኋላ አክብሮ ወደ ከተማው ወደ ሳይስ መልሶታል። ስለዚህ የምናሴ መታሰርም መመለስም በዚያ ዘመን ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም።

ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ቤቱ ውስጥ ሳለ ያልሰማው ሰው በእስር ቤት መስማቱ ነው። «በተጨነቀ ጊዜ» ይላል መጽሐፉ ምንም ሳይደብቅ። ሲመቸው አይደለም፣ ሲጨንቀው ነው። እንዲህ ያለውን ንስሐ የሚንቁ ሰዎች አሉ። «ሲቸግረው ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ሲቸግረው ነው። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ንስሐውን አላረከሰበትም። በአባቶቹ አምላክ ፊት ራሱን እጅግ አዋረደ፣ ጸለየ፣ ተሰማለትም። ስንቱ ሰው በችግር ጊዜ ጸልዮ ሲለቀቅ እንደሚረሳ እናውቃለን። ስለዚህ ፍርዱ በሰንሰለቱ ቀን አያልቅም። ከሰንሰለቱ ሲወጣ ምን አደረገ የሚለውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጸሎቱ

ዜና መዋዕል ጸሎቱ በእስራኤል ነገሥታት ታሪክና በባለ ራእዮች ቃል ተጽፏል ይላል እንጂ ቃሉን አልጻፈልንም። ትውልዶች ይህን ክፍተት ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። በሙት ባሕር አካባቢ ከተገኙት ጥቅልሎች በአንዱ ላይ የአሦር ንጉሥ ባሰረው ጊዜ ምናሴ የጸለየው ተብሎ የተጻፈ ጸሎት አለ። ከእሱ የተለየውና በክርስቲያኖች ዘንድ የታወቀው ጸሎተ ምናሴ ደግሞ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሁለተኛ ዜና መዋዕል ጋር ይገኛል። ሮማውያን ካቶሊኮች በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱሳቸው መጨረሻ ላይ በተጨማሪነት አስቀምጠውታል። ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን በ66ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ውስጥ አይቆጥሩትም። ምናሴ ራሱ ቃል በቃል ተናግሮታል ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ከጥንት ጀምሮ አማኞች በምናሴ ቦታ ቆመው የጸለዩት ጸሎት ነው፤ ለእኔ ይህ በቂ ነው።

ጸሎቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰማይንና ምድርን በፈጠረው፣ ባሕርን በቃሉ ባሰረው አምላክ ይጀምራል። እስረኛ ሰው ባሕርን ስላሰረ ጌታ ሲናገር ልብ ይነካል። ቀጥሎ ለጻድቃን፣ ለአብርሃምና ለይስሐቅ ለያዕቆብም፣ ንስሐን አልሠራህም፤ ለእኔ ለኃጢአተኛው ነው እንጂ ይላል። ኃጢአቴ ከባሕር አሸዋ ይልቅ በዝቷል፣ ቀና ብዬ ሰማይን ለማየት አልበቃም ይላል። በብረት ሰንሰለት ጎብጫለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ነው ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ። አሁንም የልቤን ጉልበት አንበረክካለሁ ይላል። በሰንሰለት የታሰረ ሰው እንደ ልቡ ሊሰግድ አይችልም። የሚንበረከክ ልብ ግን አለው።

በጸሎቱ ውስጥ የሌለውንም ማየት ያስፈልጋል። አሦር አልተጠቀሰችም። አባቴ አላስተማረኝም የለም። በ12 ዓመቴ ነገሥኩ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አማካሪዎቼ አሳቱኝ የለም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እውነት ሊሆኑ ይችሉ ነበር። በልጅነት ዙፋን ላይ የተቀመጠን ሰው ብዙ እጅ ይጎትተዋል። ጸሎቱ ግን «በድያለሁ፣ በደሌንም አውቃለሁ» ብሎ እዚያው ይቆማል። ይቅርታ ስንጠይቅ «ግን እኮ» የምትለዋን ቃል ማስቀረት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ከተመለሰ በኋላ

እግዚአብሔር ሰማው፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ወደ መንግሥቱ መለሰው። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባልልኝ። ጣዖቱን ከማውጣቱ በፊት ተሰማ። ካሳ ከፍሎ፣ ፈተና አልፎ፣ ሥራውን አሳይቶ አይደለም። ባዶ እጁን፣ በሰው ሀገር ወህኒ ውስጥ ሆኖ ነው የተሰማው።

ሲመለስ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከዳዊት ከተማ ውጭ ግዮን ከተባለው የኢየሩሳሌም ምንጭ በስተምዕራብ እስከ ዓሣ በር መግቢያ፣ በዖፌልም ዙሪያ፣ ረጅም ቅጥር ሠራ። በተመሸጉት ከተሞች የጦር አለቆችን አኖረ። ከዚያም ባዕዳን አማልክትን፣ ያንን ምስል፣ በቤተ መቅደሱ ተራራና በኢየሩሳሌም የሠራቸውንም መሠዊያዎች ከከተማ ውጭ ጣለ። የእግዚአብሔርን መሠዊያ አደሰ፣ የደኅንነትና የምስጋና መሥዋዕት አቀረበ፣ ሕዝቡንም አምላካችሁን አምልኩ ብሎ አዘዘ።

ይህ ለአንድ ንጉሥ ትንሽ ነገር አይደለም። በአዋጅ ያቆመውን በአዋጅ ማንሳት ማለት፣ በአገልጋዮቹና በካህናቱ ፊት፣ «እነዚያ ሁሉ ዓመታት ስሕተት ነበርኩ» ማለት ነው። በምስጢር አልተመለሰም። የበደለው በአደባባይ ነበር፤ ያስተካከለውም በዚያው አደባባይ ላይ ነው። እኔ የምናሴ ንስሐ እውነተኛ ነው የምለው ስለዚህ ነው። ከሰንሰለት ውጭ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደው አድርጎታል።

ያልተመለሰው

ቀጥሎ ያለው ቁጥር ግን አጭርና መራራ ነው። ሕዝቡ ገና በኮረብታ መስገጃዎች ይሠዋ ነበር፣ ለአምላኩ ለእግዚአብሔር ቢሆንም። አዋጅ ጣዖቱን ያወጣል፤ ለዓመታት የለመደን እግር በአንድ ቀን አይመልስም።

ከሕዝቡ ይልቅ የቤቱ ይከፋል። ምናሴ በ67 ዓመቱ ሲሞት ልጁ አሞን በ22 ዓመቱ ነገሠ። አሞን አባቱ ለሠራቸው ምስሎች ሁሉ ሠዋ ይላል። ተጥለው የነበሩት ምስሎች ናቸው። የጣላቸው ሰው ሲሞት ተመልሰው ቆሙ። አባቱ ራሱን እንዳዋረደም ራሱን አላዋረደም ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ የገዛ አገልጋዮቹ በቤቱ ገደሉት። የምናሴ መታሰር ከ652ቱ ዓመፅ ጋር የተያያዘ ነው የሚሉት ትክክል ከሆኑ፣ አባቱ ተለውጦ ሲመለስ አሞን 12 ወይም 16 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። አባትን አይቶ የሚቀርጸው ጊዜ አብዛኛው አልፎበታል። ምናሴ ራሱ ዙፋን ላይ ወጥቶ መበደል የጀመረው ገና ከ12 ዓመቱ ነበርና ይህ ዕድሜ ቀላል አይደለም።

ሌላም የሚቆጠር ዕድሜ አለ። የአሞን ልጅ ኢዮስያስ የነገሠው በ8 ዓመቱ ነው። እንግዲህ አያቱ ምናሴ ሲሞት ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ኢዮስያስ ያወቀው ምናሴ ሸለቆው ውስጥ እሳት ያነደደውን አይደለም። መሠዊያውን ያደሰውን ሽማግሌ ነው። ይህ ሕፃን በ16 ዓመቱ አምላኩን መፈለግ ጀመረ፣ በ20 ዓመቱ ሀገሩን ከጣዖት ማጽዳት ጀመረ። ከአያቱ ምን እንደሰማ መጽሐፉ አይነግረንም፤ እኔም አልጨምርም። ዕድሜያቸው ግን አብረው ለመቀመጥ ይፈቅድላቸዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለተኛ ነገሥት ፍርዱን አይለውጥም። ኢዮስያስ ያን ያህል ካጸዳ በኋላ እንኳ ምናሴ ስላስቆጣው ነገር ሁሉ እግዚአብሔር ከቁጣው አልተመለሰም ይላል። በኋላም ይሁዳ የጠፋችው በምናሴ ኃጢአትና ባፈሰሰው ንጹሕ ደም ምክንያት ነው፣ እግዚአብሔርም ይራራ ዘንድ አልወደደም ይላል። ኤርምያስም በምዕራፍ 15 ይህንኑ በምናሴ ስም ይናገራል። ከተማዪቱ በ586 ተቃጠለች። ወጭቱ ተገለበጠ።

ሁለቱ መጻሕፍት

አንባቢ እዚህ ላይ ይደናገራል። ነገሥት ስለ ምናሴ ንስሐ አንዲት ቃል የለውም። ዜና መዋዕል ደግሞ ይቅርታውን በሰፊው ይናገራል። ማንን እንመን?

ሁለቱም የተጻፉት ለተለያየ ጥያቄ ነው። ነገሥት በምርኮ ላይ ላሉ ሰዎች ነው የደረሰው። የእነሱ ጥያቄ «ይህ ሁሉ ለምን ደረሰብን?» ነበር። መልሱ በዝርዝር፣ በስም፣ ያለ ማስታገሻ ተሰጣቸው። ዜና መዋዕል የተጻፈው ከምርኮ በኋላ ነው። የእነዚያ ጥያቄ «ለእኛስ የመመለሻ መንገድ አለ?» ነው። ለእነሱ የምናሴ ታሪክ የራሳቸው ታሪክ ነበር። ወደ ባቢሎን ተጋዘ፣ እዚያ ጸለየ፣ ተመለሰ፣ መሠዊያ አደሰ፣ ቅጥር ሠራ። እነሱም ያለፉበት መንገድ ይኸው ነው። እንዲያ የከፋው ንጉሥ ከተሰማ እኛም እንሰማለን ማለት ይችላሉ።

ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የዋህነት ይመስለኛል። ዜና መዋዕልን ብቻ የያዘ ሰው «ይቅር ብሎኛል፣ አለቀ» ብሎ የጎዳቸውን ሰዎች ተራምዶ ያልፋል። ነገሥትን ብቻ የያዘ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ እዚያው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ስለ ተጎጂዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በዚያ ሸለቆ ልጅ የሞተባት እናት በኢየሩሳሌም ጎዳና ላይ ንጉሡ ተመልሶ ሲገባ አይታው ይሆናል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ዜና መዋዕል እግዚአብሔር ሰማው ይላል። አንተም ይቅር በለው፣ አንቺም ቶሎ እርሺው የሚል ትእዛዝ ግን እዚያ ታሪክ ውስጥ ለእናቶቹ አልተሰጠም። ነገሥትም ደሙን አልረሳውም፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ እንኳ እየቆጠረው ነው። ስለዚህ ተበዳይን «እግዚአብሔር እንኳ ምናሴን ይቅር ብሎ የለ!» እያሉ ማጣደፍ ታሪኩን ያለ አግባብ መጠቀም ነው። ሽማግሌዎቻችን «ይቅር ለእግዜር» ከማስባላቸው በፊት በዳዩን ቁጭ አድርገው ጥፋቱን የሚያናግሩት፣ ካሳውን የሚቆርጡት በምክንያት ነው።

የተቀበሉትና ያልተቀበሉት

የምናሴ ጉዳይ በሞቱ አልተዘጋም። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ በተጠናቀረው፣ ሚሽና በተባለው የአይሁድ ሕግ ስብስብ ውስጥ የአይሁድ መምህራን በሚመጣው ዓለም ዕድል የላቸውም ያሏቸው ሦስት ነገሥታት አሉ፤ ኢዮርብዓም፣ አክዓብና ምናሴ። ረቢ ይሁዳ ግን ተቃወመ። ምናሴ ዕድል አለው፣ ጸልዮ ተሰምቷልና አለ። ሌሎቹ ወደ መንግሥቱ መለሰው እንጂ ወደ ዘላለም ሕይወት አላለም ብለው መለሱለት። ክርክሩ እንዲሁ ተጽፎ ቀረ።

ሚሽናን በሚያብራራው በኢየሩሳሌሙ ታልሙድ ውስጥ ያለው ትረካ ደግሞ መላእክቱ የሰማይን መስኮቶች ሁሉ ዘጉ ይላል፣ የምናሴ ጸሎት እንዳይገባ። በቤተ መቅደስ ጣዖት ያቆመ ሰው እንዴት ንስሐው ይቀበላል ብለው። እግዚአብሔርም እሱን ካልተቀበልኩ በንስሐ ለሚመጡ ሁሉ በሩን ዘጋሁባቸው ማለት ነው አለ፤ ከክብሩ ዙፋን በታች ቆፍሮም ጸሎቱን አስገባለት።

በክርስቲያኖችም በኩል ተመሳሳይ ትግል ነበር። በሦስተኛው መቶ ዘመን በሶርያ አካባቢ የተጻፈው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ፣ በኛም ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ የምናውቀው፣ ጳጳሳትን ንስሐ የገባውን ሰው እንዳታባርሩ እያለ ያስጠነቅቃል። ለምሳሌነት የመረጠው ምናሴን ነው። ታሪኩን ከነጸሎቱ አስገብቶ ጽፎታል። ጸሎቱ ዛሬ ከምናውቃቸው ጽሑፎች ሁሉ ቀድሞ የሚገኘውም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ልብ በሉ፣ ጽሑፉ የሚናገረው በደለኛውን አይደለም። በሩ ላይ የቆመውን፣ የማስገባትም የመከልከልም ሥልጣን ያለውን አባት ነው። ሰውዬው ከተመለሰ ተቀበለው፣ ጹም ብለህ ቀኖና ስጠው፣ ከዚያ ወደ መንጋው መልሰው ይለዋል።